ከዌል ሻርክ ጋር ለመዋኘት ወደ ጅቡቲ፦ ሻንጣው እንዴት ይዘጋጃል?

በየዓመቱ ከጥቅምት ማብቂያ እስከ ጥር ድረስ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ፕላንክተን በሚባሉ፣ ውኃ ላይ በሚንሳፈፉ ደቃቅ ፍጥረታት ይወፍራል። ያንን ደቃቅ ሲሳይ ፍለጋ ዌል ሻርኮች ወደ አርታ ዳርቻ ይጠጋሉ፤ እነርሱን ፍለጋ ደግሞ ሰው ከየአገሩ ወደ ጅቡቲ ይመጣል። ዌል ሻርክ ስሙ ቢያስፈራም አፉን ከፍቶ ውኃ እያጣራ የሚመገብ፣ ከዓሦች ሁሉ ትልቁ ዓሣ ነው። ታጁራ ላይ የሚታዩት አብዛኞቹ ገና ያልጎለመሱ ወንዶች ናቸው። ቢሆንም ርዝመቱ ከአንድ ሚኒባስ ታክሲ የሚስተካከል ፍጥረት በአጠገቡ ሲያልፍ “ትንሽ ነው” የሚል ሰው አይገኝም።

ለአዲስ አበባ ሰው ከዚህ የቀረበ እንዲህ ያለ ጉዞ የለም። በአውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ በባቡርም ይደረሳል። ችግሩ ሻንጣው ላይ ነው። የደጋ ሰው ለባሕር ሲዘጋጅ ለየብሱ ያበዛል፣ ለውኃው ያሳንሳል። ለእራት የሚለበስ ሦስት ቅያሪ፣ ሁለት ጫማና ወፍራም ፎጣ ይጭንና ፊቱን የሚገጥም መነጽር ሳይዝ ጀልባ ላይ ይወጣል። እኔ የምመክረው ተቃራኒውን ነው። ቀኑን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ውኃ የማያስገባ መነጽር፣ ቆዳ የሚሸፍን ልብስ፣ ዕቃን በደረቁ የሚያቆይ ቦርሳ። ሌላው ቢጎድል ከከተማ ይገዛል ወይም ያለ እርሱ ይታለፋል፤ ባሕር መሐል ግን ሱቅ የለም።

1. ሻንጣ ከማውረዳችሁ በፊት ጀልባውን ጠይቁ

ምን እንደምትይዙ የሚወስነው ጀልባው ላይ ያለው ነገር ነው። ስለዚህ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ለአዘጋጁ ደውሉ ወይም ጻፉ። መነጽርና የእግር መቅዘፊያ ያከራያል ወይ? በስንት ቁጥር? ለእያንዳንዱ ሰው ላይፍ ጃኬት አለ ወይ? ጀልባው ጥላ አለው? መጸዳጃስ? ምሳና የሚጠጣ ውኃ በዋጋው ውስጥ ይካተታል? በአንድ ጊዜ ስንት ሰው ውኃ ውስጥ ይገባል? “ሁሉም አለ” የሚለው መልስ አይበቃም። የ37 ቁጥር እግር ላላት ሴት ያለው መቅዘፊያ 44 ቁጥር ከሆነ ለእርሷ ምንም የለም ማለት ነው።

በአንድ ጊዜ ስንት ሰው እንደሚገባ ለመጠየቅ አትፈሩ። መልሱ ስለ አዘጋጁ ጠባይ ይነግራችኋል። ሃያ ሰው በአንድ ሻርክ ላይ የሚያፈስ፣ ሞተሩን እያስጮኸ እስከ አጠገቡ የሚነዳ ጀልባ ለእንስሳውም ለእናንተም አይበጅም። ዌል ሻርክ ከውኃው ወለል ሳይርቅ ስለሚመገብ የጀልባ ሞተር ያገኘዋል፤ በታጁራ ሻርኮች አካል ላይ የዚህ ዓይነቱ ጠባሳ በብዛት ይታያል። ጥቂት ሰው በየተራ የሚያስገባውን ምረጡ፣ ትንሽ ቢወደድም።

ሁለት ነገር ጨምሩበት። በጅቡቲ የሳምንቱ ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ ስለሆነ በእነዚህ ቀናት ጀልባው ሁሉ ይሞላል፤ ከተቻለ ከእሑድ እስከ ሐሙስ ባለው ሂዱ። የሰዓት ዞኑ ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ አቆጣጠሩ ግን የፈረንጅ ነው። “በ6 ሰዓት ከወደቡ እንነሣለን” ካሏችሁ ንጋት 12 ሰዓት ማለታቸው ነውና እኩለ ቀን ላይ ሄዳችሁ ባዶ ወደብ እንዳታዩ።

2. መነጽሩን ግዙ፣ ሞክሩ፣ ፈትጉ

ከሁሉ በፊት ሊሟላ የሚገባው ይህ ነው። ጀልባው ላይ ኪራይ ቢኖር እንኳ የራሳችሁን ያዙ፤ የሰው ፊት እንደ ጣት አሻራው ይለያያልና።

በመዋኛ ገንዳ አካባቢ የሚሸጠው ዓይንን ብቻ የሚሸፍን መነጽር ለዚህ ሥራ አይሆንም። አፍንጫው ውጭ ስለሚቀር ሰው ሳያስበው በአፍንጫው ውኃ ይስባል፤ ትንሽ ጠልቆ ለማየት ሲሞክርም ግፊቱ ዓይኑን ይጫነዋል። የሚያስፈልገው ዓይንና አፍንጫን አንድ ላይ የሚሸፍን፣ ፊት ላይ የሚያርፈው ጠርዙ ከለስላሳ ሲሊኮን የተሠራ፣ መስታወቱም በቀላሉ የማይሰበር የመጥለቂያ መነጽር ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን እንደ ልብ አታገኙትም። ከዱባይ፣ ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የሚመጣ ዘመድ ካለ ቀድማችሁ ላኩበት፤ ሲገዛላችሁ ግን የሚመለስ ዕቃ መሆኑን ያረጋግጥ።

አገጣጠሙን የምትፈትኑት እንዲህ ነው። ማሰሪያውን ወደ ኋላ ጥላችሁ መነጽሩን በእጃችሁ ፊታችሁ ላይ አሳርፉ። በአፍንጫችሁ በቀስታ አየር ሳቡና እጃችሁን ልቀቁ። ያለ ማሰሪያ ተጣብቆ ከቀረ የእናንተ ነው። ከወደቀ ወይም በአንድ ጎን አየር ሲያስገባ ከሰማችሁ፣ ዋጋው የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን መልሱት። ማሰሪያ ማጥበቅ የማይገጥምን መነጽር አያስተካክልም፤ ግንባር ላይ ምልክት ከመተው በቀር።

ጢም ያላችሁ ወንዶች፣ ውኃ የሚገባው በአፍንጫ ሥር ባለው ሪዝ በኩል ነው። ሙሉውን መላጨት ግድ አይደለም፤ ጠርዙ የሚያርፍበትን ጠባብ መስመር ማንሣት ይበቃል። ሹሩባ ለምትሠሩ ደግሞ ከጉዞው በፊት ወደ ኋላ የሚወርድና ቋጠሮው ዝቅ ያለ ሥሪት ይሻላል። ቋጠሮው አናት ላይ ከሆነ ማሰሪያው ይንሸራተታል፤ ግንባር ላይ የቀሩ ቀጫጭን ፀጉሮችም ከጠርዙ ሥር ገብተው ውኃ ያሾልካሉ። ማሰሪያውን የሚያለብስ የጨርቅ ሽፋን ካገኛችሁ ፀጉር ከመነቀል ይድናል።

አዲስ መነጽር መስታወቱ ላይ ከፋብሪካ የቀረ ስስ ቅባት አለበት። ያ ካልለቀቀ ምንም ብታደርጉ ጉም ይይዛል። ነጭ የጥርስ ሳሙና (ጄል ያልሆነውን) በውስጠኛው ገጽ ላይ ቀብታችሁ በጣታችሁ ጫፍ እያዞራችሁ ለረጅም ጊዜ ፈትጉት፣ እጠቡት፣ ድገሙት። ሞቅ ያለ ትንፋሽ ስትተነፍሱበት ጉሙ ወዲያው መጥፋት ከጀመረ ደርሷል። ባሕሩ ላይ ስትደርሱ ደግሞ በትንሽ ጠርሙስ የያዛችሁትን በውኃ የቀጠነ የሕፃን ሻምፑ አንድ ጠብታ ቀብታችሁ ለቅለቅ አድርጉት። ምራቅም ይሠራል፤ የሚጸየፍ ካለ ሻምፑውን ይያዝ።

የዓይን መነጽር የምታደርጉ ሰዎች ክንድ ያለውን መነጽራችሁን ከመጥለቂያው ሥር ማድረግ አትችሉም፤ በክንዱ በኩል ውኃ ይገባል። የዓይናችሁ መጠን የተሠራበት የመጥለቂያ መነጽር ማዘዝ ይቻላል። ካልሆነ በአንድ ቀን የሚጣል የዓይን ሌንስ አድርጋችሁ ቅያሪ ያዙ።

ስኖርክል የሚባለውን የመተንፈሻ ቱቦ በተመለከተ ቀላሉ ይሻላል። ከታች ውኃ ማስወጫ ቀዳዳ ያለው፣ አፍ ውስጥ የሚነከሰው ለስላሳ ሲሊኮን የሆነው ይበቃል። ፊትን በሙሉ የሚሸፍነውንና በአሁኑ ጊዜ የተለመደውን ጭንብል ግን አልመክርም። ውኃ ቢገባበት ቱቦን ከአፍ እንደ መትፋት በቀላሉ አይገላገሉትም፤ የተነፈሰው አየርም ውስጡ እንዳይጠራቀም የሚያሰጋ ነው።

3. መቅዘፊያውና ልምምዱ

ዌል ሻርክ በዝግታ የሚሄድ ይመስላል። ያ የትልቅነቱ ማታለያ ነው። በሰው እርምጃ ፍጥነት ቢጓዝ እንኳ፣ በባዶ እግሩ የሚዋኝ ሰው ከጥቂት ቅጽበት በኋላ የሚያየው ጅራቱን ነው። የእግር መቅዘፊያ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ረጅሙ የጠላቂዎች ዓይነት በሻንጣ አይገባም፤ አጭሩን ምረጡ። ተረከዝን የሚሸፍነውን ከወሰዳችሁ ቀጭን ካልሲ ያዙ፤ ጨው ያለበት ጎማ በእርጥብ ቆዳ ላይ ሲሻሽ እግር ይልጣል። ጀልባው ላይ በቁጥራችሁ መኖሩን ካረጋገጣችሁ ተከራዩና ክብደቱን ከሻንጣችሁ ቀንሱ።

ዋና የማይችል ሰው መሄድ ይችላል ወይ? በላይፍ ጃኬት ታግዞ፣ አስጎብኚው እጁን ይዞት፣ ውኃው ጸጥ ባለበት ቀን፤ አዎ። ግን ፊቱን ውኃ ውስጥ ከትቶ በአፉ መተንፈስን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሞክረው ጥልቅ ባሕር ላይ መሆን የለበትም። ከጉዞው ሳምንታት ቀደም ብላችሁ በሆቴል ገንዳ ሙሉ ዕቃውን ለብሳችሁ ተለማመዱ። ጥልቀቱ ደረት በሚደርስበት ቆማችሁ ፊታችሁን ከትታችሁ በቱቦው በረጅሙ ተንፍሱ። ቀጥሎ ቱቦው ውኃ እንዲገባበት አድርጉና “ፉ” ብላችሁ በኃይል ማስወጣትን ተለማመዱ። መጨረሻ ላይ መነጽሩን ጥቂት ውኃ አስገቡበት፤ የላይኛውን ጠርዝ በጣታችሁ ተጭናችሁ ቀና በሉና በአፍንጫችሁ ተንፍሱ፤ ውኃው በሥሩ ይወጣል። እነዚህን ሦስት ነገሮች ሳይደነግጥ የሚያደርግ ሰው ባሕር ላይ አይቸገርም። የጨው ውኃ ሰውነትን ከገንዳው የበለጠ ያንሳፍፋል።

አንድ ነገር ቀድማችሁ እወቁ። ፕላንክተን የበዛበት ውኃ እንደ ማስታወቂያው ፎቶግራፍ ሰማያዊ አይደለም፤ አረንጓዴና ደብዛዛ ነው። እንስሳው ከሩቅ ሲመጣ አይታይም፤ ነጠብጣብ ያለበት ግንባሩ ድንገት ከፊት ብቅ ይላል። ይህን ያላወቀ ሰው ይደነግጣል፤ የደነገጠ ሰው ደግሞ በአፍንጫው ይተነፍሳል።

4. ልብሱ፦ ቅባት ከመቀባት መልበስ ይሻላል

በኅዳርና በታኅሣሥ የባሕሩ ሙቀት ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ገደማ ነው። ሞቃት ይመስላል፤ ግን ውኃ ከአየር ይልቅ የሰውነትን ሙቀት ፈጥኖ ይወስዳል፤ ደጋግሞ የሚገባ ሰው ከሰዓት በኋላ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ወፍራም የጠላቂ ልብስ አያስፈልግም። እጅጌው ረጅም፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ስስ የላይክራ (የሚለጠጥ ጨርቅ) ልብስ በቂ ነው፤ ቶሎ የሚበርደው ሰው 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የኒዮፕሪን (ሙቀት የሚይዝ የጎማ ጨርቅ) ልብስ ይጨምር። ላይክራው ሌላም ጥቅም አለው፦ ፕላንክተን ባለበት ውኃ ውስጥ ዓይን የማይለያቸው ተናዳፊ ፍጥረታት አሉ፤ የተሸፈነ ቆዳ ግን አያሳክከውም። በተጨማሪም ሰውነታቸውን ማሳየት የማይሹ ሰዎች ሁሉ በዚሁ ልብስ በነፃነት ይዋኛሉ። ልዩውን ልብስ ያላገኘ ሰው ለስፖርት የሚለበሰውን ጥብቅ ረጅም ሱሪና እጅጌ ረጅም ቲሸርት ይልበስ። የጥጥ ልብስ ግን አይሁን፤ ውኃ ጠጥቶ ይከብዳል፣ ቶሎም አይደርቅም።

“ጥቁር ቆዳ ፀሐይ አይጎዳውም” የሚለውን እቤት ትታችሁት ሂዱ። ፊትን ወደ ታች ደፍቶ የሚዋኝ ሰው ማጅራቱ፣ የጆሮው ጀርባና የጉልበቱ ቋንጃ ለሰዓታት ለፀሐይ የተጋለጡ ናቸው፤ ከውኃው የሚያንጸባርቀውም ይጨመርበታል። ላልተሸፈነው ቆዳ ኤስፒኤፍ የሚባለው የፀሐይ መከላከያ መጠኑ 30 ወይም 50 የሆነ፣ ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ቅባት ያዙ። ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት የተባሉት ንጥረ ነገሮች ኮራልን (የባሕር ውስጥ ዐለት የሚሠሩትን ጥቃቅን እንስሳት) ይጎዳሉ ተብለው የፓስፊክ ደሴት አገር የሆነችው ፓላው በ2020 (እ.ኤ.አ.)፣ ሃዋይ ደግሞ በ2021 ሽያጫቸውን ከልክለዋል፤ ጀርባው ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብባችሁ እነዚህን ተዉ። የዚንኩ ቅባት ጠይም ፊት ላይ አመድ እንደሚመስል አውቃለሁ። ፎቶግራፉ ላይ ፊታችሁ በመነጽር ስለሚሸፈን ብዙም አያሳስብም።

ከዚህ ሌላ የአገጭ ማሰሪያ ያለው ኮፍያ፣ የፀሐይ መነጽር፣ ለመልሱ ጉዞ ነፋስ የሚከላከል ስስ ጃኬት፣ ሶሉ ወፈር ያለ የውኃ ጫማ ያዙ። ዳርቻው ድንጋያማ ነው፤ ጥልቀት በሌለው ውኃም እሾኻም ፍጥረታት አይጠፉም። ወፍራሙን ፎጣ ትታችሁ ነጠላ ውሰዱ፤ ያደርቃል፣ ፀሐይ ይከልላል፣ ቶሎም ይደርቃል፣ ቦታም አይዝም። ከተማ ውስጥ ለመንቀሳቀስ ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይበቃል፤ ጅቡቲ የእስልምና እምነት ተከታዮች አገር ናትና የዋና ልብሱ ከጀልባው አይውጣ።

5. ስልክና ካሜራ በደረቅ

ሦስት ዓይነት መከላከያ ያስፈልጋል። አፉ የሚጠቀለል ውኃ የማያስገባ ቦርሳ ለልብስና ለምግብ፤ ትንሽ ተመሳሳይ ቦርሳ ለፓስፖርትና ለገንዘብ፤ ግልጽ የስልክ ከረጢት ለፎቶግራፍ። የቦርሳውን አፍ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ካልጠቀለላችሁት ውኃ ያስገባል። ሞልታችሁ ካጨናነቃችሁት ደግሞ የሚጠቀለል ቦታ ያጣል፤ ከሦስት እጅ ሁለቱን ብቻ ሙሉ።

የስልኩን ከረጢት ማሸጊያው ላይ በተጻፈው ቃል ብቻ አትመኑት። ስልኩን ሳታስገቡ የታጠፈ ሶፍት ወረቀት ክተቱበት፤ ቆልፉት፤ ባልዲ ውስጥ ከድንጋይ ሥር አስገብታችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አቆዩት። ስታወጡት መጀመሪያ ውጩን አድርቁ፤ ካልሆነ ሲከፈት የሚንጠባጠበው ውኃ ያሳስታችኋል። ወረቀቱን በጣታችሁ ዳብሱ። ጥጉ ላይ እንኳ ቀዝቀዝ ያለ እርጥበት ካለ ከረጢቱ ለባሕር አይሆንም። ያለፈውም ቢሆን ተንሳፋፊ የእጅ ማሰሪያ ይጨመርበት፤ በአረንጓዴ ውኃ የሰመጠ ስልክ አይገኝም።

የስልክ ገጽ ውኃ ውስጥ ንክኪን አይሰማም። ከመግባታችሁ በፊት ካሜራውን ከፍታችሁ ቪዲዮ አስጀምሩ፤ ለፎቶግራፍ የድምፅ መጨመሪያውን ቁልፍ ተጠቀሙ። ጎፕሮና መሰል ካሜራ ያላችሁ ሽፋኑን የአየር ማቀዝቀዣ ባለበት ክፍል ውስጥ ዝጉ፤ በእርጥብ የባሕር አየር ከተዘጋ ውስጡ ጉም ይሠራል። ከአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኘው እርጥበት መጣጭ ከረጢት እዚህ ላይ ይጠቅማል። ፍላሽ አይበራም። ብዙ ለማንሣት ከመሯሯጥ በግራ ጎኑ ከስንጥቡ (ከመተንፈሻ ስንጥቆቹ) ጀርባ ያለውን ነጠብጣብ አጥርታችሁ አንሡ፤ ተመራማሪዎች እያንዳንዱን ዌል ሻርክ የሚለዩት በዚያ ነውና ፎቶግራፋችሁ ለእነርሱም ሊጠቅም ይችላል።

ፓወር ባንክ ወደ አውሮፕላን የሚገባው በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው፤ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚፈቀደውም እስከ 100 ዋት ሰዓት ነው። 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚለው 74 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሆነ ያልፋል። የጅቡቲ ሶኬት 220 ቮልት፣ ክብ ሁለት እግር ያለው ነው፤ የአገራችን መሰኪያ ይገጥማል።

6. ወረቀት፣ ገንዘብ፣ መድኃኒት

ፓስፖርት፣ አስቀድሞ ያለቀ ቪዛ፣ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ። የቢጫ ወባ ክትባት ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ዕድሜ ልክ የሚያገለግል ስለሆነ አንዴ የወሰደ ሰው ካርዱን ማግኘት ነው የሚጠበቅበት። የሁሉንም ፎቶግራፍ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ፤ ዋናው ፓስፖርት ሆቴል ካዝና ውስጥ ሊቆይ እንደሚችል ጀልባውን ጠይቁ።

ብሩ እዚያ ብዙም አያገለግልም። ፓስፖርት፣ ቪዛና ቲኬት ይዛችሁ ከባንክ ዶላር ግዙ። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ 1 ዶላር 177.7 ፍራንክ ገደማ ነውና ሂሳቡ ቀላል ነው። ትንንሽ ኖት ያዙ።

ወባን አትናቁ። በከተማ የውኃ በርሜልና ታንከር ውስጥ የምትራባው አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የተባለችው ትንኝ ጅቡቲ ውስጥ በ2012 (እ.ኤ.አ.) ከተገኘች ወዲህ ወባ የገጠር ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ማታ የሚለበስ እጅጌ ረጅም ልብስና የትንኝ መከላከያ ቅባት ያዙ፤ ስለ መከላከያ ኪኒን ሐኪም አማክሩ። ሐኪሙ ዶክሲሳይክሊን ካዘዘ ጀልባ ላይ እንደምትውሉ ንገሩት፤ መድኃኒቱ ቆዳ በፀሐይ ቶሎ እንዲቃጠል ያደርጋል።

ለባሕር ሕመም የሚሆን ኪኒን የሚጠቅመው ጀልባው ከመነሣቱ አንድ ሰዓት ያህል በፊት ሲወሰድ ነው፤ ማቅለሽለሽ ከጀመረ በኋላ የተዋጠ ኪኒን ከሆድ ወጥቶ ባሕር ይገባል። እንቅልፍ ስለሚያመጣ እቤት አንድ ቀን ሞክሩት። የተቀረው ትንሽ ነው፦ የቁስል ማጽጃ፣ ውኃ የሚችል ፕላስተር፣ የማሳከክ ቅባት፣ የድርቀት ጨው። የልብ ወይም የአስም ችግር ያለበት፣ በቅርቡ የጆሮ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ሻንጣውን ከማዘጋጀቱ በፊት ሐኪሙ ዘንድ ይሂድ።

7. ምግቡ፣ በተለይ ለጾመኞች

የዌል ሻርኩ ወቅትና ጾመ ነቢያት አንድ ላይ ይውላሉ፤ ጾሙ ከኅዳር 15 እስከ ገና ነው። ጀልባ ላይ የሚቀርበው ምሳ ብዙውን ጊዜ የተጠበሰ ዓሣ ወይም ዶሮ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልጀምርም፤ የማይበላ ሰው ግን አስቀድሞ ይንገር፣ ደግሞም በነገረው አይተማመን። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ተምርና ሙዝ ያዙ። በሶ ከሁሉ ይበልጣል፤ በውኃ በጥብጠው ሲጠጡት ሆድ ሳያስጨንቅ ኃይል ይሰጣል። እስከ ሰባትና ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾም ሰው ግን ባዶ ሆድ፣ ማዕበልና ፀሐይ አንድ ላይ ከባድ ናቸው፤ ያን ቀን እንዴት እንደሚሆን ከንስሐ አባቱ ጋር ቀድሞ ቢነጋገር ይሻለዋል። ለአንድ ሰው ቢያንስ ሦስት ሊትር የሚጠጣ ውኃ ቁጠሩ።

8. አሁን ሻንጣውን ሙሉት

በአውሮፕላን የምትሄዱ ከሆነ መነጽሩ፣ ቱቦው፣ አንድ የዋና ልብስና መድኃኒቱ በእጅ ሻንጣ ይሁኑ። የተላከው ሻንጣ ቢዘገይ እንኳ ባሕር ትገባላችሁ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በኢኮኖሚ ክፍል የሚፈቅደው የእጅ ሻንጣ 7 ኪሎ ነው፤ ይህ ሁሉ በዚያ ውስጥ ይገባል። መነጽሩን በጠንካራ ሣጥን ክተቱት፤ ከሌለ በመቅዘፊያው የእግር ማስገቢያ ውስጥ በካልሲ ተጠቅልሎ ይቀመጥ። ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ የሆነ የፀሐይ ቅባት ግን ወደሚላከው ሻንጣ ይሂድ፤ ፍተሻ ላይ ይቀራል። በባቡር ለሚሄዱ ይህ ሁሉ ገደብ የለም፤ የጊዜ ሰሌዳው ስለሚለዋወጥ ግን ከለቡ ጣቢያ ሳታረጋግጡ ጀልባ አትያዙ።

እቤት የሚቀሩ፦ ጓንት (እጅን መንካት ያስመኘዋል)፣ ድሮን፣ ረጅም የፎቶግራፍ ዘንግ፣ ወርቅና ጌጥ፣ ሽቶ። በብዙ አገር የሚሠራበት ደንብ ከዌል ሻርክ አካል 3 ሜትር፣ ከጅራቱ 4 ሜትር መራቅ ነው፤ መንካት ጨርሶ አይፈቀድም። ጅቡቲ የብዙ አገሮች የጦር ሰፈር ያለባት ስለሆነች ወደብ፣ አየር ማረፊያና ወታደራዊ ቦታ ላይ ካሜራ አታውጡ።

“ዌል” ማለት ዓሣ ነባሪ ነው፤ ዌል ሻርክ ግን ዓሣ ነው። የእውነተኛው ዓሣ ነባሪ ምኞት ያለው ሰው በደቡብ ፓስፊክ ወዳለችው ደሴታማ አገር ወደ ቶንጋ፣ ወደ ቫቫኡ ደሴቶች ይመልከት። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ሃምፕባክ የተባሉት ዓሣ ነባሪዎች ከአንታርክቲካ መጥተው በዚያ ይወልዳሉ። ሻንጣው ያው ነው፤ ውኃው ግን ቀዝቀዝ ስለሚል የኒዮፕሪኑ ልብስ ግዴታ ይሆናል። በአንድ ጊዜ ከአራት ዋናተኞችና ከአንድ አስጎብኚ በላይ አይገባምና ጀልባ ላይ መጠበቅ ይበዛል፤ ለነፋሱ ሞቅ ያለ ጃኬት ያዙ። እሑድ በቶንጋ ሕገ መንግሥት የዕረፍት ቀን ስለሆነ ምግባችሁን ቅዳሜ ግዙ።

9. ከባሕር ስትመለሱ

ጨው ያልታጠበ ዕቃ ለሁለተኛ ጉዞ አይደርስም። ማታውኑ መነጽሩን፣ ቱቦውን፣ መቅዘፊያውንና የስልክ ከረጢቱን በሆቴሉ ሻወር ሥር ለብ ባለ ውኃ እጠቡ፤ በጥላ አድርቁ፤ ፀሐይ ሲሊኮንን ያደርቃል። እርጥብ ልብስ ከደረቅ እንዳይቀላቀል ሁለት ትልልቅ ፌስታል ከመነሻው ሻንጣ ሥር አስቀምጡ።

በውኃው ወለል ላይ ብቻ የዋኘ ሰው በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ ቢበር ችግር የለበትም። በሙሻና በማስካሊ ደሴቶች አካባቢ ኦክስጅን ታንክ በሚመስለው የአየር ጠርሙስ የጠለቀ ሰው ግን ከአንድ ጊዜ በላይ ከጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት ይጠብቅ፤ ጠልቆ ቶሎ ወደ ከፍታ መውጣት አደገኛ ነውና። ይህ ለበረራ ብቻ አይደለም፤ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች በባቡርም ሆነ በመኪና የሚወጣውን ሰው ይመለከተዋል። የመመለሻ ቲኬታችሁን ስትቆርጡ ይህን ሰዓት አስሉበት።